መነፅሩ «አልሆነኝም» ብሎ ላለመመለስ፦ ከምርመራ በፊት ጀምሮ እስከ ጠብታ አጨማመር ደረጃ በደረጃ

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ አይን እየመረመርኩ የመነፅር ቁጥር ማውጣት ነው የቀን ተቀን ስራዬ። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ቢቀያየርም ጥያቄው ያው ነው፣ «ለምንድነው መነፅሩ የሚያዞረኝ?»፣ «ቁጥሬ ለምን ጨመረ?»፣ «ሁሌ ባደርገው አይኔን አያባብስብኝም?»፣ «ብሉ ከት (ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል ሌንስ) ይጨመርበት?»። ብዙ ጊዜ ችግሩ አይኑ ላይ አይደለም፣ ወይ ከምርመራው በፊት ያልተዘጋጀ ነገር አለ ወይ ሲረከቡ ያልታየ ነገር አለ። ስለዚህ መልሱን በቅደም ተከተል ነው የምፅፈው፣ በተለይ 5ኛውን ደረጃ እንዳትዘሉ።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

የድሮ መነፅራችሁን ያዙ። እግሩ የተሰበረም፣ ሌንሱ የተጫረም ቢሆን ያዙት፣ ማሽን ላይ አድርገን የድሮውን ቁጥር እናነባለን፣ አዲሱ ከድሮው ምን ያህል እንደራቀ ካላወቅን ደግሞ ይከብዳችሁ አይከብዳችሁ መገመት አንችልም። «ቤት ረሳሁት» የሚለው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚመጣው።

የምትወስዱትን መድሃኒት በሙሉ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ኑ፣ የአይን ጠብታ ከሆነ ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ኑ። «ነጭ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ምናምን ቀለም ነው» ከሚል ገለፃ ምንም አይወጣም።

ስኳር ያለባችሁ፣ ይሄን ሁለቴ አንብቡት። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የአይን ውስጥ ሌንስ ውሃ ይይዝና ቁጥሩ ራሱ ይቀያየራል፣ ዛሬ ማይነስ 2 የወጣ ሰው ስኳሩ ሲስተካከል ማይነስ 1 ሊሆን ይችላል። አዲስ መድሃኒት ከጀመራችሁ ወይም ስኳሩ ሰሞኑን ከወጣ መነፅር አታሰሩ፣ ለጥቂት ሳምንታት ተረጋግቶ ይቆይና ከዛ ኑ። የአይን ጀርባ ምርመራው ግን አይቆይም፣ እሱ በአመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ግዴታ ነው፣ ደህና እያያችሁም ቢሆን።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ፣ ለስላሳውን ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አውጡት፣ ጠንካራው ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውላችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ፣ ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ቅርፁን ስለሚጫነው ካላወጣችሁት የምንለካው የተጨፈለቀ አይን ነው።

አዳር ሰርታችሁ አትምጡ። ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁም እንደዛው።

ርቀታችሁን ለኩ። ይሄን ማንም አያደርገውም፣ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙና ከአይናችሁ እስከምትሰሩበት ነገር ድረስ ያለውን ፃፉት፣ ኮምፒውተሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ስፌቱስ፣ መፅሀፉስ? አንዲት እናት ነበሩ፣ የማንበቢያ መነፅር ሰራሁላቸው፣ እኔ ጋ ካርዱን በ40 ሳንቲ ሜትር ይዘው ትንሿን ፊደል ሳይቀር ቁጭ አደረጓት፣ በሶስተኛው ቀን ተመልሰው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዳዊቴን አላስደግም አለኝ» አሉኝ። ዳዊቱን ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። መጡ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው መፅሀፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ ስለካው 55 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ፕላስ 2.50 ነበር የሰጠኋቸው፣ ለሳቸው አቀማመጥ ወደ 1.75 ነው የሚበቃቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልጠየቅኳቸውም። እናንተ ግን ባትጠየቁም ተናገሩ፣ ከተቻለም መፅሀፋችሁን ይዛችሁ ኑ።

መጨረሻ ላይ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊደረግባችሁ ስለሚችል ሰው አስከትሉ፣ የፀሀይ መነፅር ያዙ፣ መኪና አትንዱ። የተለመደው ጠብታ ከ4 እስከ 6 ሰአት ድረስ ብዥ ያደርጋል፣ ቅርብ ነገር ማንበብም ያስቸግራል፣ ስለዚህ በዛው ቀን ፈተና ወይም ውል መፈረም ምናምን አታስቡ።

ደረጃ 2፦ ወንበሩ ላይ

1. «አይኔን ያመኛል» ብላችሁ አትቁሙ። የቱን አይን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሩቅ ነው ቅርብ የሚያስቸግረው፣ ማታ ስትነዱ ነው ወይስ ስታነቡ፣ ይሄን ተናገሩ። ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ (ብዙ ጊዜ በአይን ግፊት የአይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ወይም ሳያረጅ ማየት ያቆመ ሰው ካለ ሳትጠየቁ አንሱት።

2. በኮምፒውተሩ ወጣ በተባለ ቁጥር ብቻ መነፅር አታሰሩ። አገጫችሁን አስደግፋችሁ ከመንገድ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ቤት ወይ ባሉን የምታዩበት ማሽን ማለቴ ነው። ጥሩ ማሽን ነው፣ ግን የሚሰጠው መነሻ ነው። ልጅ ወይም ወጣት ማሽኑ ውስጥ ሲያይ አይኑን ስለሚያስጨንቅ ማይነሱን አብዝቶ ያወጣዋል። ከማሽኑ በኋላ ከባዷ ክብ የሙከራ ፍሬም ተደርጎላችሁ ሌንስ እየተቀያየረ ካልተጠየቃችሁ ምርመራው አላለቀም፣ «በፍሬም አይሞከርም?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. «አንድ ይሻላል ሁለት?» ስትባሉ አትጨነቁ፣ ፈተና አይደለም። ልዩነት ከሌለው «እኩል ነው» በሉ፣ እሱም ለእኛ መልስ ነው። የምትጠነቀቁት ነገር አንድ ነው፣ ፊደሉ «ጠራ» እና ፊደሉ «ጠቆረ፣ አነሰ» ይለያያል። ማይነስ ከሚገባው በላይ ሲጨመር ፊደሉ ጥቁርና ትንሽ ይሆናል፣ ሰው ግን ጥቁር ስላየ «ይሄኛው ይሻላል» ይላል፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ግንባሬን ይወጥረኛል ብሎ ይመጣል። ታች ያለውን አንድ መስመር ተጨማሪ ካላነበባችሁበት አልተሻለም፣ «ጠቆረ እንጂ አልጠራም» በሉ።

4. አይናችሁን አታጥብቡ። የመጨረሻውን መስመር በማጨንቆር ማንበብ ጀግንነት አይደለም፣ እንደዛ ስታደርጉ የሚለካው ትክክለኛው እይታችሁ አይደለም።

5. ሁለቱም አይን ካለቀ በኋላ የሙከራ ፍሬሙን እንዳደረጋችሁ ተነሱና ተራመዱ። ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ በመስኮት ውጪውን እዩ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ወለሉ ዘነበለ ወይም ከፍ አለ ካላችሁ እዛው ተናገሩ፣ ቁጥሩን ቀነስ አድርጎ መጀመር ይቻላል። ወረፋ አለ ብለው ቢያዋክቧችሁም ይሄን አትተዉ።

6. ከመውጣታችሁ በፊት «የአይኔ ግፊት ተለካ? የአይን ጀርባ ታየ?» በሉ። እድሜያችሁ ከ40 ካለፈ በተለይ። ግላኮማ አያምም፣ አይቀላም፣ ከጎን ከጎን ነው የሚበላው፣ ፊደል ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን መስመር እያነበበ ግማሽ እይታው የሄደ ሰው አለ። የጠፋው ደግሞ አይመለስም።

*ልጅ ከሆነ፦* ጠብታ ተደርጎበት መመርመር አለበት። ጠብታው ለጊዜው አይኑ እንዳይጨነቅ ያደርገዋል፣ ያኔ ነው ትክክለኛው ቁጥር የሚወጣው። አትሮፒን የሚባለው ጠብታ ከተሰጠው ብዥታው ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ከትምህርት ቤት ፈተና ጋር አታጋጩት። ጠብታው ከገባ በኋላ ልጁ ፊቱ ከቀላ፣ ከተኮሰው ወይም ከተወራጨ ጠብታውን አቁሙና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አንድ አይኑ ብቻ ደካማ የሆነ ልጅ ምንም አይልም፣ በደህናው ያያል በቃ። ቤት ውስጥ አንዱን አይኑን በእጃችሁ ሸፍኑና ቴሌቪዥን አሳዩት፣ ከዛ ሌላኛውን፣ አንደኛው ሲሸፈን ብቻ እጃችሁን የሚገፋ ወይም የሚያለቅስ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሰነፍ አይን የሚባለው ከ7 አመት በፊት ሲያዝ ነው በደንብ የሚስተካከለው።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን አንብቡ

ወረቀቱ የናንተ ነው፣ ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ የቀኝ አይን ነው የሚፃፈው (ኦዲ)፣ ከስሩ የግራ (ኦኤስ)።

- ስፌር፦ ዋናው ቁጥር። ማይነስ ከሆነ ሩቁን ነው የማታዩት። 1ን ለቁጥሩ ስታካፍሉት ያለ መነፅር እስከየት እንደሚጠራላችሁ በሜትር ይነግራችኋል፣ ማይነስ 2 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማይነስ 4 እስከ 25። «ማይነስ ሰባ አምስት ነኝ» ብሎ የደነገጠ ሰው አይቻለሁ፣ 0.75 ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፐርሰንት አይደለም።
- ሲሊንደር እና አክሲስ፦ ሲሊንደር የአይን ፊት እኩል ክብ ሳይሆን ሲቀር የሚያስተካክለው ቁጥር ነው፣ አክሲስ ደግሞ የሱ አቅጣጫ፣ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሲሊንደር ተፅፎ አክሲስ (ከ1 እስከ 180 ያለ ቁጥር) ከሌለ ወረቀቱ ጎደሎ ነው፣ መልሱት።
- አድ፦ ለቅርብ የሚጨመር፣ ሁሌ ፕላስ ነው።
- ፒዲ፦ ከብሌን እስከ ብሌን ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር። ብዙ ጊዜ አይፃፍም፣ አፅፉት።

*ሁለት ቦታ ተመርምራችሁ ሁለት ቁጥር ከወጣ፦* ከመጣላታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። አንዱ ሲሊንደሩን በማይነስ፣ ሌላው በፕላስ ፅፎት ሊሆን ይችላል። ስፌሩንና ሲሊንደሩን ደምሩ፣ የሲሊንደሩን ምልክት ገልብጡ፣ አክሲሱ ላይ 90 ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ለምሳሌ ስፌር −1.00፣ ሲሊንደር −0.50፣ አክሲስ 180 እና ስፌር −1.50፣ ሲሊንደር +0.50፣ አክሲስ 90 አንድ ሌንስ ናቸው። ይሄን ባለማወቅ ሶስተኛ ቦታ ሄዶ እንደገና የከፈለ ሰው አለ። የ0.25 ልዩነት ከሆነም ተዉት፣ ጠዋትና ማታ እንኳን ይለያያል።

*ፒዲ ካልተፃፈላችሁ፦* ሰው ፊት ለፊት በ40 ሳንቲ ሜትር ቁሙ። ለኪው ማስመሪያውን ግንባራችሁ ላይ አሳርፎ ቀኝ አይኑን ይጨፍን፣ እናንተ የተከፈተውን ግራ አይኑን እዩ፣ ዜሮዋን የቀኝ ብሌናችሁ መሀል ላይ ያድርግ። ማስመሪያው ሳይነቃነቅ ግራውን ጨፍኖ ቀኙን ይክፈት፣ እናንተም ወደ ተከፈተው ዙሩ፣ የግራ ብሌናችሁ መሀል የደረሰበትን ያንብብ። ሶስት ጊዜ ድገሙት። አዋቂ ላይ አብዛኛው ከ54 እስከ 74 መሀል ነው፣ 45 ምናምን ከወጣ ማስመሪያው ተንሸራቷል።

ደረጃ 4፦ ፍሬምና ሌንስ

ፍሬሙን ስታደርጉት ብሌናችሁ ወደ ሌንሱ መሀል ይሁን። ቁጥራችሁ ትልቅ ማይነስ ከሆነ ሰፊ ፍሬም ፋሽን ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ይወፍራል፣ ትንሽና ክብ ነገር ምረጡ። ፕሮግሬሲቭ (ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ሌንስ) የምታሰሩ ከሆነ የሌንሱ ቁመት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጠባብ ከሆነ የማንበቢያው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል።

ለልጅ ፖሊካርቦኔት (በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ) ጠይቁ፣ መስታወት በፍፁም። አንድ አይን ብቻ የሚያይ ሰውም እንደዛው፣ ቁጥር ባይኖረው እንኳን ያድርግ፣ መለዋወጫ የለውማ።

ብሉ ከት። ሻጩ ሰማያዊ ላይት ያላት እስክሪብቶ ያወጣል፣ ካርድ ላይ ያበራል፣ ሌንሱን ሲያስገባ ብርሃኑ ጥፍት ይላል፣ ሰውም አፉን ይከፍታል። ሌንሱ ያንን ቀለም መከልከሉ ውሸት አይደለም፣ ግን አይናችሁን የሚያደክመው ያ ቀለም ነው ወይ? እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የወጣው የኮክሬን (የህክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ፣ ስክሪን ላይ ለሚውል ሰው ከተራ ሌንስ የተለየ የአይን ድካም ሲቀንስ አላየም። አይን የሚደርቀው ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንቀንስ ነው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ፣ ርገብገብ ርገብገብ አድርጉ፣ ነፃ ነው። ገንዘቡ ከተረፋችሁ ነፀብራቅ በሚቀንሰው ኮቲንግ (የሌንስ ቅብ) ላይ አውሉት፣ ማታ ለሚነዳ ሰው እሱ ነው የሚጠቅመው።

«የመንገድ ላይ የማንበቢያ መነፅርስ?» ሁለቱም አይናችሁ ሩቅ በደንብ የሚያይ ከሆነ፣ ሲሊንደርም ከሌለ ይሰራል፣ አይን አያጠፋም። በግምት 40ዎቹ መጀመሪያ ላይ +1.00፣ 50 አካባቢ +1.50፣ 60 ሲደርስ +2.50 ገደማ ነው፣ ሁለት ቁጥር ሁለቱም ካስነበባችሁ ትንሹን ውሰዱ። ችግሩ ሌላ ነው፣ በየሁለት አመቱ ከመንገድ ላይ እየቀየረ ግፊቱን አንድም ቀን ሳይለካ 60 የሚሞላው ሰው አለ።

ደረጃ 5፦ ስትረከቡ (ይሄን አትዝለሉ)

ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት፦

1. ወረቀታችሁን አውጡና «በሌንሶሜትር አንዴ ያንብቡልኝ» በሉ፣ የሌንስ ቁጥር የሚያነበው ማሽን ነው። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ደህና ቤት አይከፋውም።

2. አንድ አንድ አይን እየሸፈናችሁ እዩ። በሁለቱ ስታዩ ደህናው አይን የሌላውን ስህተት ይሸፍነዋል።

3. ራሳችሁ ፈትሹ። መነፅሩን ከፊታችሁ ትንሽ አርቃችሁ ያዙና በአንዱ ሌንስ ውስጥ የበር ጠርዝ እዩ፣ ከዛ መነፅሩን ቀኝ ግራ አንቀሳቅሱት። መስመሩ ከሌንሱ ጋር አብሮ ከሄደ ማይነስ ነው፣ በተቃራኒ ከሄደ ፕላስ። አሁን እንደ መሪ አዙሩት፣ የበሩ መስመር አብሮ ከተጣመመ ሲሊንደር አለው፣ ቀጥ ብሎ ከቀረ የለውም። ወረቀታችሁ ላይ ቀኙ ብቻ ሲሊንደር ካለው እና የሚጣመመው ግራው ከሆነ ሌንሶቹ ተቀያይረዋል ማለት ነው። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ያሰራሁት መነፅር ቀኝና ግራው ተቀያይሮ ስድስት ወር አድርጌዋለሁ፣ ራስ ምታቱን የጥናት ጫና ነበር የምለው። የአይን ተማሪ ሆኜ!

4. መስታወት ፊት ቁሙ። ፍሬሙ አንድ ወገን ከፍ ካለ እዛው ያስተካክሉላችሁ። ጎንበስ በሉ፣ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ከተንሸራተተ አልተስተካከለም። ወደ አፍንጫ ጫፍ የወረደ መነፅር ቁጥሩም ይቀየራል፣ በተለይ ትልቅ ቁጥር ከሆነ።

5. ቁጥራችሁ ከ4 በላይ ከሆነ ፒዲውን አስለኩ። የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት ይሰማችኋል፣ አይናችሁን ወደ ጎን የሚጎትት ነገር ያለ ይመስላል።

አንዱ ካልገጠመ አትረከቡ። «ይለምድዎታል» ቢባሉ፣ ሌንሶሜትሩ ካነበበው ጋር ወረቀቱ ገጥሞ ከሆነ ብቻ ነው መልመድ የሚባል ነገር ያለው።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት

ጠዋት ስትነሱ አድርጉት፣ ከሰአት ደክሟችሁ አትጀምሩ። ወለሉ ዘንበል፣ ደረጃው ቀረብ ሊል ይችላል፣ ሲሊንደር አዲስ ለሆነባችሁ በተለይ። እያወለቃችሁ መልሳችሁ ማድረግ ነው መልመዱን የሚያረዝመው፣ የድሮውን መነፅር ለጊዜው ደብቁት። ፕሮግሬሲቭ ከሆነ አይናችሁን ሳይሆን አፍንጫችሁን ወደምታዩት ነገር አዙሩ፣ ደረጃ ስትወርዱ ደግሞ አገጫችሁን ወደ ደረት ሰብሰብ አድርጉና በላይኛው ክፍል እዩ፣ በታችኛው ካያችሁ ደረጃው ብዥ ይልና ትወድቃላችሁ። እስክትለምዱት አትንዱበት።

ሁለት ሳምንት ሞልቶ ራስ ምታቱ ካለ ከነወረቀቱ ተመለሱ። በአዲሱ መነፅር ሁለት ሁለት ካሳያችሁ ወይም አንዱ አይን ጭራሽ ካላየ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፣ በነጋታው ሂዱ፣ መነፅሩን አውልቃችሁም በድንገት ማየት ካቆመ ደግሞ ደረጃ 9ን እዩ።

እዚህ ላይ ነው «መነፅር ሱስ ሆነብኝ፣ ሳወልቀው ድሮ የማየውን እንኳ አጣሁ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። አይኑ አልደከመም፣ አእምሮ ጥራት ምን እንደሆነ አወቀና ብዥታውን እምቢ አለ። መነፅር አይን አያደክምም፣ ቁጥር አሳንሶ ማድረግም እድገቱን አያቆመውም። የልጆች ማይነስ የሚጨምረው አይናቸው አብሮ ስለሚረዝም ነው፣ ለነሱ የሚጠቅመው በቀን ሁለት ሰአት ያህል ውጪ መጫወት ነው። ካሮትም ይብሉ፣ ግን ቁጥር አይቀንስም።

ደረጃ 7፦ ማጠብ

በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ ደረቁን አትጥረጉ፣ ሌንሱ ላይ ያለው አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ አንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣት፣ አለቅልቁ፣ በንፁህ ጥጥ ጨርቅ አድርቁ። አልኮል፣ ሳኒታይዘር፣ ሙቅ ውሃ የለም። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሀይ ከመታው ኮቲንጉ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም።

ደረጃ 8፦ ጠብታ ከታዘዘላችሁ

ጠብታ የማይሰራው ብዙ ጊዜ አይን ውስጥ ስለማይገባ ነው።

1. እጅ ታጠቡ፣ ኮንታክት ሌንስ አውጡ።
2. ቀና በሉ፣ የታችኛውን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳቡት፣ ኪስ ይሰራል።
3. አንድ ጠብታ ኪሱ ውስጥ። ሁለተኛው ፈሶ ጉንጭ ላይ ነው የሚሄደው። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ።
4. ጨፍኑ፣ አታርገብግቡ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የአይን ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ያዙት። ጉሮሮ ላይ የሚመር ከሆነ አልያዛችሁትም ማለት ነው።
5. ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ቆዩ። ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ።

*ካልገባ፦* እንደገና አንድ ጨምሩ፣ ችግር የለውም። *ልጅ እምቢ ካለ፦* አስተኙት፣ ጨፍኖ እያለ የአይኑ ጥግ ላይ አንድ ጣሉ፣ ሲከፍት ራሱ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ፃፉ፣ ሌላ ካልተባለ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፣ ለጎረቤትም አይሰጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዴክሳሜታዞን እና መሰል ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ራሳችሁ አትግዙ። አይኑን የሚያሳክከው ልጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳበት፣ ሀኪም ለአንድ ሳምንት ያዘዘለትን እናት «እሱ ነው የሚያሽለው» ብላ በየወሩ ታስገዛለች፣ በእርግጥም ቅላቱ ይጠፋል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን ግፊቱ ይወጣል፣ ሞራ ይመጣል። እኔ ጋ የደረሰ የ9 አመት ልጅ ነበር፣ ባዶ ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘው ነበር የመጡት። ማቆምም በሀኪም ነው፣ በድንገት አይደለም።

ደረጃ 9፦ መነፅር ቤት ሳይሆን ሆስፒታል የሚያስኬድ

*በረኪና፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ የቁልቋል ወተት አይን ውስጥ ከገባ፦* መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ታክሲ። ቧንቧ ስር ወይም በጆግ፣ አይኑን በጣት ከፍታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ኖራና ሲሚንቶ ከሆነ 30 ደቂቃ እጠቡ። የተጎዳው አይን ከታች ይሁን፣ ውሃው ወደ ደህናው እንዳይፈስ። የላይኛውን ቆብ ገልጣችሁ ፍርፋሪ ካለ በውሃው አስወጡ። የጡት ወተት፣ ሎሚ፣ ቅቤ አታድርጉ።

*ስለታም ነገር ከወጋ ወይም ከተሰካ፦* አትንቀሉ፣ አትጠቡ፣ አትጫኑ። የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጣችሁ ከላይ ሸፍኑና ሂዱ።

*በድንገት ማየት ካቆመ፣ ብልጭታና ጥቁር ነጠብጣብ በዝቶ እንደ መጋረጃ ከጋረደ፣ ወይም አይን ቀልቶ ከራስ ምታትና ማስታወክ ጋር ከሆነ፦* በዛው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን። «ጠዋት እሄዳለሁ» አይሰራም።

*ብየዳ ሲሰራ የዋለ ሰው፦* ህመሙ ከሰአታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚጀምረው፣ አይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ጨለማ ክፍል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ከላይ፣ የሚዋጥ ማስታገሻ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ቤት ይዞ መሄድ ግን የለም፣ ለደቂቃዎች ያሽላል፣ ሲደጋገም ጥቁሩን ክፍል ያቆስለዋል። በብየዳ ፋንታ በሞላ (የብረት መቁረጫ ማሽን) ሲቆርጥ ወይም በመዶሻ ብረት ሲመታ የነበረ ከሆነ፣ ህመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳን ብረት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይታይ፣ ሲሄድም ምን ሲሰራ እንደነበር ለሀኪሙ ይንገር።